በአንድ ስልክና በአንድ ላፕቶፕ፦ ኔትወርክ ቢጠፋም የማይቋረጥ ክፍለ ጊዜ አዘገጃጀት

ከሀዋሳ መምህራን ዘወትር የሚደርሰኝ ጥያቄ «ለክፍል የሚጠቅም አንድ ጥሩ ድረ ገጽ ጠቁመኝ» የሚል ነው። ስም መጥቀሱ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆመው ገጹ አልከፈት ሲል ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የድረ ገጽ ዝርዝር አይደለም። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት እንደሌለ ተቆጥሮ አንድ ክፍለ ጊዜ ከዝግጅት እስከ ምዘና እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ለምሳሌነት የወሰድኩት የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስን የኦም ሕግ (የቮልቴጅ፣ የከረንትና የሬዚስታንስ ዝምድና) ሲሆን የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የባዮሎጂ መምህራን ርዕሱን ብቻ ቀይረው በዚያው አካሄድ ሊሠሩበት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ክሮም የተጫነበት የአንድሮይድ ስልክና ጥቂት ባዶ የማኅደረ ትውስታ ቦታ።
• ላፕቶፕ። የራስዎ ከሌለዎት ከትምህርት ቤቱ አይሲቲ ክፍል በውሰት የሚገኝ ይበቃል፤ አዲስ መሆን አይጠበቅበትም።
• ፕሮጀክተርና ትክክለኛው ገመድ። ብዙዎቹ የቆዩ ፕሮጀክተሮች የሚቀበሉት ቪጂኤ የሚባለውን የገመድ ዓይነት ሲሆን አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ያላቸው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መቀየሪያ ከሌለ ፕሮጀክተሩ ቢኖርም አይጠቅምም።
• ፍላሽ ዲስክ፣ ኤክስቴንሽን እና የተሞላ ፓወር ባንክ።
• ለአንድ ምሽት የሚበቃ ዳታ። በ*999# የሚገዛ አነስተኛ ጥቅል ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ ዋይፋይ የሚያገኙበት ቦታ ካለ ደግሞ ማውረዱን እዚያ ይጨርሱ።
• ለመልስ ካርድ የሚሆን ነጭ ጠንካራ ወረቀት።
• የቴሌግራም አካውንት።
• የተማሪው መጽሐፍና የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ።

ደረጃ 1፦ ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ስልኩን ከመክፈትዎ በፊት ተማሪው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ምን ማድረግ እንደሚችል በዕቅድዎ ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «ተማሪው ቮልቴጅ ሳይቀየር ሬዚስታንስ እጥፍ ሲሆን ከረንት በግማሽ እንደሚቀንስ ከመለኪያ አይቶ ያስረዳል።» ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ኢንተርኔቱ ራሱ ዕቅድ አውጪ ይሆንና አንድ ምሽት ሙሉ ቪዲዮ ሲያዩ አምሽተው ለነገ የሚሆን ነገር ሳይዙ ይተኛሉ። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንድ ሲሙሌሽን (ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም) እና አንድ አጭር ምዘና ብቻ ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ሲሙሌሽኑን ያውርዱ

ለሳይንስና ለሒሳብ በመጀመሪያ የምጠቁመው በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀውን ፌት ነው። በመፈለጊያ ሳጥኑ ላይ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ የሚሉትን አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ያገኙታል። የምመርጥበትም ምክንያት ነፃ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሲሙሌሽን ራሱን እንደቻለ አንድ ፋይል ወርዶ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ስለሚሠራ ነው።

የኦም ሕግን ገጽ ይክፈቱ። የማጫወቻ ምልክቱን ብቻ ከነኩ ሲሙሌሽኑ በኢንተርኔት ላይ ይከፈታል፣ ስልክዎ ላይ ግን አይቀመጥም። ስለዚህ ወደ ታች የሚያመለክተውን የቀስት ምልክት ፈልገው ፋይሉን ያውርዱ። ክብደቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ ዳታ ይወስዳል።

በገጹ ላይ «ትርጉሞች» የሚል ክፍል አለ፤ የብዙ ሲሙሌሽኖች የሌላ ቋንቋ ቅጂ እዚያ ይገኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምሩ ከሆነ ግን የእንግሊዝኛውን ቅጂ ይያዙ፤ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው በስክሪኑ ላይ የሚያየው ቃል ከመጽሐፉ ጋር መግጠም አለበት። ማብራሪያውን በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ቢሰጡ ምንም አይጎዳም። በታችኛው ክፍል ደግሞ ትርጉም ካለ ትርጉሙን ያስቀድሙ።

ደረጃ 3፦ ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርገው ይሞክሩት

ይህን ደረጃ የሚዘል መምህር ብዙ ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚያፍረውም እሱ ነው። ዳታውንም ዋይፋዩንም አጥፍተው፣ የአውሮፕላን ሁነታውን አብርተው፣ ፋይሉን ከ«ዳውንሎድስ» አቃፊ ይክፈቱ። ከተከፈተና ማንሸራተቻዎቹ ከተንቀሳቀሱ ነገም ይሠራል።

ባዶ ነጭ ገጽ ከመጣ ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው አያጥፉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ስልኩ ፋይሉን ከክሮም ይልቅ ጽሑፍ ብቻ በሚያሳይ ሌላ መክፈቻ መክፈቱ ነው። ፋይሉን ነክተው ይዘው «ክፈት በ» የሚለውን ይምረጡና ክሮምን ይጠቁሙ። ፋይሉን ያገኙት ከሥራ ባልደረባዎ በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ከመክፈት ይልቅ መጀመሪያ ወደ ዳውንሎድስ ያስቀምጡት።

ከተሳካልዎት በኋላ ቅጂውን በፍላሽ ላይ አድርገው ወደ ላፕቶፕ ይውሰዱና እዚያም ይሞክሩት። ስልክም ላፕቶፕም ላይ መኖሩ ትርፍ አይደለም፤ አንዱ ባትሪ ሲጨርስ ሌላው ይተካዋል።

ደረጃ 4፦ የግምት ወረቀቱን ያዘጋጁ

ሲሙሌሽን ያለ ጥያቄ ከታየ ተማሪው ፊልም እንዳየ ያህል ነው፤ ይደሰታል፣ ይረሳልም። ስለዚህ ከማሳየትዎ በፊት የሚገምትበት፣ ካሳዩት በኋላ ያየውን የሚጽፍበት፣ በመጨረሻም ምክንያቱን የሚያስረዳበት ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ለሁሉም ፎቶ ኮፒ ማድረግ ወጪ ስለሆነ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠርተው በደብተር እንዲገለብጡት ማድረግ ይቻላል።

በኦም ሕግ ሲሙሌሽን ላይ ይህን ይመስላል። ሲከፈት ቮልቴጁ 4.5 ቮልት፣ ሬዚስታንሱ 500 ኦም ላይ ነው፤ ንባቡም 9.0 ሚሊአምፔር ይላል። ተማሪዎችዎን «ሬዚስታንሱን 1000 ኦም ባደርገው ንባቡ ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቁና ሁሉም ቁጥር እስኪጽፍ ይጠብቁ። ከዚያ ማንሸራተቻውን ወደ ላይ ይግፉት፤ ንባቡ 4.5 ሚሊአምፔር ይሆናል። ቀጥለው ሬዚስታንሱን ወደ 500 መልሰው ቮልቴጁን 9.0 ያድርጉ፤ አሁን 18.0 ይላል። በስክሪኑ ላይ በሚታየው ቀመር (ቮልቴጅ = ከረንት × ሬዚስታንስ) ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደላትም እንደ መጠናቸው ሲያድጉና ሲያንሱ ይታያሉ። ሬዚስታንሱን እስከ 10 ኦም ዝቅ ሲያደርጉት የከረንቱ ፊደል ከመጠን በላይ ይገዝፋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ቁጥሩን ማንበብ ባይችል እንኳ ይህን ያየዋል።

እዚህ ላይ የሚገጥምዎትን ጥያቄ አስቀድመው ይወቁት። ተማሪው በደብተሩ 4.5ን ለ500 ሲያካፍል የሚያገኘው 0.009 ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን 9.0 ነው። «ማሽኑ ተሳስቷል» ይላል። ስሌቱ በአምፔር፣ ንባቡ በሚሊአምፔር መሆኑን ወዲያው አይንገሩት፤ ከንባቡ አጠገብ ያለውን የመለኪያ አሃድ እንዲያነብ አድርገው ራሱ ይድረስበት። በእኔ ግምት ከዚህ ክፍለ ጊዜ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው የመለኪያ አሃድ መቀየር ነውና።

ማንሸራተቻውን በጣት ልክ 500 ላይ ማቆም ስለሚያስቸግር በላፕቶፕ ላይ በቀስት ቁልፎቹ ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሱት።

ደረጃ 5፦ ክፍሉን ያሰናዱ

ከክፍለ ጊዜው በፊት ባለው ዕረፍት ገብተው ሶኬቱ መሥራቱን ይፈትሹ። የሀዋሳ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ የፕሮጀክተር ምስል ስለሚደበዝዝ ምስሉን ከመስኮቶቹ ትይዩ በሆነው ግድግዳ ላይ ከመጣል ይልቅ ጥላ ወዳለበት ጥግ ያዙሩት። መጋረጃ ከሌለ በጠቆረው ጥግ ላይ የሚለጠፍ ነጭ ወረቀት ወይም አንሶላ ይበቃል። ቪዲዮ ካሰቡ ደግሞ ክረምት መግቢያ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም። ሲሙሌሽን ግን ድምፅ ስለማይፈልግ ከቪዲዮ የሚመረጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ፕሮጀክተር ከሌለ ላፕቶፑን በመሃል ጠረጴዛ ላይ አድርገው ተማሪዎቹን በቡድን ያዙሩ፤ አንዱ ቡድን ሲያይ ሌሎቹ ግምታቸውን ይጽፋሉ። በክፍሉ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት የሚፈቀድ ከሆነም ፋይሉን ዜንደር በተባለው የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያ ወይም በብሉቱዝ ለቡድን መሪዎች ማከፋፈል ይቻላል፤ ለትምህርት መቅዳትና ማካፈል የተፈቀደ ስለሆነ ስጋት አይግባዎት። አይፎን የያዘ ተማሪ ግን የወረደውን ፋይል ለመክፈት ሊቸገር ስለሚችል ከሌላ ቡድን ጋር ያጣምሩት።

ደረጃ 6፦ በመልስ ካርድ ፈጣን ምዘና ያድርጉ

«ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም «አዎ» ይላል። እውነቱን ለማወቅ ተማሪው ስልክ የማያስፈልገው መንገድ አለ፤ ፕሊከርስ ይባላል። እያንዳንዱ ተማሪ አራት ማዕዘን የሆነ ጥቁር ምስል የታተመበት ካርድ ይይዛል። ካርዱን ያዞረበት አቅጣጫ መልሱን ይናገራል፣ መምህሩም በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የማን መልስ ምን እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ያያል።

አካውንት ከፍተው የተማሪዎቹን ስም ያስገቡና ለእያንዳንዱ የካርድ ቁጥር ይስጡ። ከድረ ገጹ ካርዶቹን አውርደው ያሳትሙ፤ መደበኛው ስብስብ 40፣ ሰፊው 63 ካርድ አለው። ተማሪዎ ከዚያ ከበለጠ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንድ ካርድ ተመካክረው ያንሡ። በፎቶ ኮፒ ቤት ሲያሳትሙ ሁለት ነገር አደራ ይበሉ፦ ጥቁሩ ደማቅ ይሁን፣ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክም አይሸፈን፤ ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም። ተማሪዎች ካርዱን በጠርዙ ይያዙ፤ ጣት ጥቁሩን ምስል ከሸፈነ ያ መልስ ይጎድላል። በስልክዎ ላይ ለዚህ የሚሆን ጥቂት ዳታ መኖር አለበት። ዳታውም ካርዱም ከሌለ በባለ አራት ቀለም ወረቀት ወይም በጣት ቁጥር መልስ ማስነሣት ይቻላል፤ የሚያጡት የተመዘገበውን ውጤት ብቻ ነው።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ከክፍሉ አብዛኛው ያው ስሕተት ላይ ከተሰበሰበ ወደ ሲሙሌሽኑ ተመልሰው ያንን ብቻ ደግመው ያሳዩ።

ደረጃ 7፦ የቤት ሥራውን በቴሌግራም ያዘጋጁ

እዚህ ላይ ቡድን ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ። በቡድን ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የሴት ተማሪዎች አካውንት ለማያውቁት ሰው መጋለጡ በተደጋጋሚ ችግር ያመጣል። በቻናል ግን የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። ተማሪዎችም በቴሌግራም የግላዊነት ማስተካከያ ላይ ስልክ ቁጥራቸውን «ማንም አይየው» እንዲያደርጉ በክፍል ውስጥ ያሳዩአቸው።

ጥያቄዎቹን የሚሠራው «ክዊዝ ቦት» የተባለው የቴሌግራም ራሱ ቦት (በቴሌግራም ውስጥ ለመልእክት በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ነው። ስሙን ፈልገው ሲያገኙ የማረጋገጫ ምልክቱን ይመልከቱ፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው አሉና። ቀጥሎ ያለውን ቅደም ተከተል ይከተሉ፦

ሀ. «አዲስ ክዊዝ» የሚለውን መርጠው ርዕስ ይላኩ። የክፍል ደረጃውንና የምዕራፉን ስም በርዕሱ ያካትቱ፤ ከወር በኋላ ሲፈልጉት በዚያ ያገኙታል።
ለ. ጥያቄውን፣ አማራጮቹንና ትክክለኛውን መልስ ያስገቡ። አንድ አማራጭ ከ100 ፊደል፣ ማብራሪያው ከ200 ፊደል እንዲበልጥ አይፈቀድም፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ አሳጥረው ጽፈው ይምጡ።
ሐ. ማብራሪያውን ባዶ አይተዉ። የተሳሳተ ተማሪ ወዲያው የሚያየው እሱን ነው። «ትክክል አይደለም» ከማለት ይልቅ «ሚሊአምፔሩን ለ1000 አካፍለህ ወደ አምፔር ቀይር» የሚል ይሁን።
መ. ሥዕል ወይም ሰርኪዩት ማሳየት ከፈለጉ ፎቶውን ከጥያቄው በፊት ይላኩ፤ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይወጣል።
ሠ. ጥያቄዎቹን ሲጨርሱ ቦቱ ለእያንዳንዱ የሚሰጠውን ጊዜ ይጠይቃል። ስሌት ላለው ጥያቄ አጭሩን ጊዜ አይምረጡ፤ ተማሪው ከማሰብ ይልቅ መገመት ይለምዳል። ጥያቄዎቹና አማራጮቹ እንዲቀያየሩ ያድርጉ፤ «3ኛው ሐ ነው» ተብሎ መነጋገር በዚህ ይቀንሳል።
ረ. የሚሰጥዎትን ማስፈንጠሪያ በቻናሉ ላይ ይለጥፉ። ተማሪው ለብቻው ከቦቱ ጋር ይሠራል።

ቦቱ ለደረጃ የሚይዘው የመጀመሪያውን ሙከራ ነው፤ ተማሪው ደግሞ ለልምምድ ቢሠራውም ደረጃው አይቀየርም። ይህንን አስቀድመው ያስታውቁ፤ ካልሆነ «ሳላስበው ነክቼው ነው» የሚል ቅሬታ በማግስቱ ይከተልዎታል።

ደረጃ 8፦ ስልክ ለሌለው ተማሪ የወረቀት ቅጂ ይያዙ

ስልክ የሌለው ተማሪ በየክፍሉ አለ፤ ያለውም ዳታ የሚሞላለት በወር አንዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ገጽ አትመው ለክፍል አለቃው ይስጡ፤ ስልክ ያለውም የሌለውም ከፈለገ ይወስዳል። ለእነማን እንደተዘጋጀ በስም አይጥሩ። የቴሌግራሙን ውጤት በተከታታይ ምዘና ላይ ነጥብ አድርገው አይያዙት፤ ማን እንደሠራው ማረጋገጥ አይቻልም፣ ስልክ የሌለውንም ይጎዳል።

ደረጃ 9፦ ትምህርት ቤትዎ የኮምፒውተር ክፍል ካለው

ኮሊብሪ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። የካን አካዳሚን፣ የፌትንና የሌሎችን ትምህርት አንዴ ካወረዱበት በኋላ የቀሩት ኮምፒውተሮች በክፍሉ ውስጥ ባለው ራውተር ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በብራውዘር ያዩታል። ሙሉውን ቻናል (በኮሊብሪ ውስጥ የአንድ አዘጋጅ የትምህርት ስብስብ) ለማውረድ አይሞክሩ፤ በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። የሚያስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ይምረጡ። ራውተር ከሌለ የስልክ ሆትስፖት ለጥቂት ኮምፒውተሮች ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ የስልኩን ዳታ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው ማሻሻያ ሲያወርዱ ጥቅልዎ ያልቃል።

ማስጠንቀቂያዎች

• የተማሪዎችን ሙሉ ስም፣ ፎቶና ውጤት በቻናል ላይ አይለጥፉ። በፕሊከርስም ላይ ስም ከመጀመሪያ ፊደል ጋር ይበቃል።
• በሲሙሌሽን ላይ የተደረገ ነገር ሁሉ በእውነተኛ ሽቦ አይደረግም። የሰርኪዩት መገንቢያ በተባለው ሌላው የፌት ሲሙሌሽን ላይ ባትሪ በአጭር ሲገናኝ በስክሪኑ ላይ እሳት ይነሣል፤ ተማሪዎች ይህን ይወዱታልና በቤት ሶኬት ላይ እንዳይሞክሩት ሳይገልጹ ከክፍል አይውጡ።
• ፋይል ከማያውቁት ቻናል አያውርዱ። «የፈተና መልስ» ወይም «የመምህሩ መምሪያ» እየተባለ የሚሰራጨው የመጫኛ ፋይል ስልክዎን ሊበክል ይችላል። መጽሐፍ ፒዲኤፍ እንጂ የሚጫን ፕሮግራም አይሆንም።
• ጥያቄውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስወጥተው ከሆነ እያንዳንዱን መልስ በእስክሪብቶ ሠርተው ያረጋግጡ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

ማስፈንጠሪያን እንደ ፋይል መቁጠር ዋነኛው ነው። ገጹን በብራውዘር «ተወዳጅ» ውስጥ ማስቀመጥ ማውረድ አይደለም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ማንሸራተቻውን መምህሩ ብቻ መያዙ ነው። አንድ ተማሪ ወደ ላፕቶፑ ይምጣ፣ ክፍሉ ደግሞ ምን እንዲያደርግ ይንገረው። በዚህ ጊዜ እርስዎ ከኋላ ቆመው የማን ደብተር ባዶ እንደሆነ ማየት ይችላሉ።

ሦስተኛው፣ ሁለቱን ማንሸራተቻዎች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው። ቮልቴጁም ሬዚስታንሱም አብረው ከተቀየሩ ከረንቱን የቀየረው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም። ሁልጊዜ አንዱን ይቀይሩ፣ ንባቡን ያጽፉ፣ ወደ መነሻው ይመልሱና ከዚያ ወደ ሌላው ይሂዱ።

መብራት በመሃል ከሄደ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ነቅለው በባትሪ ይቀጥሉ፤ የጻፉት ሠንጠረዥ በሰሌዳው ላይ ስላለ ንባቡን እርስዎ እየጠሩ ተማሪዎቹ ዓምዱን ይሞላሉ።